ካርታው ላይ ያለው ግብጦ የዱር ነው ወይስ ከአትክልት ቦታ ያመለጠ?

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ሜይን የምትባል ግዛት አለች። የጁን ወር ሲገባ የመንገዶቿ ግራና ቀኝ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በሮዝ አበባ ይሸፈናል። መንገደኛው መኪናውን ጥግ አስይዞ ፎቶ ያነሳል። አበባው ግብጦ ነው። ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ውኃ ሳያጠጣው ሜዳውን ሞልቶ ስለሚታይ ብዙ ሰው "የዱር ግብጦ" ይለዋል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የሜይን የራሷ የዱር ግብጦ ከግዛቷ እንደጠፋ ተቆጥሯል። መንገድ ዳር የሚታየው ሌላ ዝርያ ነው። ከአህጉሩ ምዕራብ ዳርቻ ተነስቶ በሰው እጅ መጣ፣ የቤት አትክልት ሆነ፣ ከዚያ አጥር ዘልሎ ወጣ። እንግዲህ አንድ ሰው የግዛቷን ካርታ ዘርግቶ ግብጦ ባየበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ነጥብ ቢያደርግ ካርታው ይሞላል። የሚሞላው ግን በጠፋው ተክል ስም ነው። ያየ ሰው "ምን ጠፋ? ይኸው ሞልቶ የለም እንዴ?" ይላል።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ረጅም ጽሑፍ አያስፈልገውም ነበር። በዚህ ስም ላይ የተንጠለጠለ ሕይወት ስላለ ነው የምጽፈው።

በምሥራቅ አሜሪካ አሸዋማ ሜዳዎች ላይ ካርነር ብሉ የምትባል ቢራቢሮ አለች። ክንፏ ሲዘረጋ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስሟን ያገኘችው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ካለች ካርነር ከምትባል ትንሽ መንደር ነው። ለሳይንስ የገለጻት ደግሞ ደራሲውና የቢራቢሮ ተመራማሪው ቭላድሚር ናቦኮቭ ነው፤ በ1944 ዓ.ም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚህች ቢራቢሮ አባጨጓሬ በተፈጥሮ የሚበላው አንድ ተክል ብቻ ነው፤ ሉፒነስ ፔሬኒስ የሚባለውን የምሥራቁን የዱር ግብጦ። እሱ በሌለበት እሷ የለችም። በ1992 በአገር አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ፍጥረታት መዝገብ ገባች። እሷን ለማዳን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ "ግብጦው የት አለ?" የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከካርታ ነው። ካርታው ከተሳሳተ ገንዘቡም ጉልበቱም የሚፈሰው አባጨጓሬዋ ወደማትኖርበት የመንገድ ዳር ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ግብጦ ስል ሰው የሚዘራውን ነጩን ሰብል ብቻ ማለቴ አይደለም። ሉፒነስ የሚባለው ወገን ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በአሜሪካ አህጉሮች፣ ጥቂቶቹ በሜዲትራንያን ዙሪያና በአፍሪካ ይገኛሉ። ሰው ያላመዳቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

"የዱር" የሚለው ቃል ደግሞ በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ትርጉም "ሰው ያልተከለው" ነው። ሁለተኛው ትርጉም "የቦታው ተወላጅ፣ አገር በቀል" ነው። ከአትክልት ቦታ ያመለጠ ግብጦ በመጀመሪያው ትርጉም የዱር ነው፤ በሁለተኛው ግን አይደለም። የመምታታቱ ሥር እዚህ ጋ ነው። አይናቹራሊስት የተባለው የተፈጥሮ መመዝገቢያ መተግበሪያ ለምሳሌ አንድ ተክል በሰው የተተከለ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አጥር ዘልሎ በራሱ የበቀለ ተክል እዚያ "የዱር" ተብሎ መመዝገቡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ያንን መዝገብ ወስዶ "አገር በቀል" ብሎ የሚያነብ ሲኖር ነው። መረጃው አልዋሸም። አንባቢው ነው ያልተጠየቀውን የመለሰው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለበት እላለሁ። ዝርያው ምንድን ነው? እዚህ እንዴት ደረሰ? ያለ ሰው እርዳታ ራሱን እየተካ ነው ወይ? ሦስቱም ለየብቻቸው ናቸው። የአንዱ መልስ የሌላውን አይመልስም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምርና ቅጠሉን በእጃችን እንያዝ።

የግብጦ ቅጠል የተዘረጋ መዳፍ ይመስላል። ከአንድ ማዕከል ተነስተው እንደ ጣት ዙሪያውን የሚበተኑ ትናንሽ ቅጠሎች አሉት። ከዝናብ በኋላ ወይም በማለዳ ብታዩት መሐሉ ላይ አንድ ድብልብል የውኃ ጠብታ እንደ መስተዋት ይቀመጣል። አሁን ጣቶቹን ቁጠሩ። የምሥራቁ የዱር ግብጦ፣ ፔሬኒስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 ጣት አለው። እያንዳንዱ ጣት አጭር ነው፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ተክሉ ራሱ ጉልበት አካባቢ ቢደርስ ነው፤ ከ20 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር። የአበባው ዘለላ ቀጠን፣ ሳሳ ያለ ነው። በአበባ መካከል አየር ያልፋል።

ከምዕራብ የመጣው ሉፒነስ ፖሊፊለስ ግን ሌላ ነው። ስሙ ራሱ "ባለ ብዙ ቅጠል" ማለት ነው። ጣቶቹ 11፣ 13፣ አንዳንዴም 17 ይደርሳሉ። ረጃጅምና ሾጠጥ ያሉ ናቸው። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ተክሉ አንድ ሜትር አልፎ ይቆማል። ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሩቅ የሚጣራ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ይሳሳታል? አበባውን ስለሚያይ ነው። ሰው ፎቶ ሲያነሳ ካሜራው የሚሄደው ወደ አበባው ነው። ቅጠሉ ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል፣ ወይ ከጀርባ ይደበዝዛል። ቀለም ደግሞ በግብጦ ላይ ደካማ ምስክር ነው። ፔሬኒስ በአብዛኛው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቢሆንም አልፎ አልፎ ሮዝና ነጭ ይወጣዋል። ፖሊፊለስም በተፈጥሮው ሰማያዊ ነው። ቀይ፣ ቢጫ ወይም ባለ ሁለት ቀለም አበባ ካያችሁ ከአትክልት ቦታ የመጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ሰማያዊ ካያችሁ ግን ምንም አላወቃችሁም።

ቁጥሮቹም ቢሆኑ ይደራረባሉ። 11 ጣት ያለው ቅጠል ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ቅጠል ቆጥሮ መፍረድ የማይበጀው። ከግርጌ ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች መፈለግ፣ ከተለያዩ ተክሎች አምስት ስድስቱን መቁጠር፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ነው የሚሻለው። ከላይ ያሉት ቅጠሎች ባጠቃላይ አነስ ይላሉ፤ በእነሱ ብቻ ከሄዳችሁ ፖሊፊለሱን ፔሬኒስ ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ።

ከዚህ ላይ ዲቃላው ይጨመርበታል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፖሊፊለስን በ1820ዎቹ ከምዕራብ አሜሪካ ወደ ብሪታንያ የላከው ዴቪድ ዳግላስ የተባለ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዮርክ ከተማ ውስጥ ጆርጅ ራስል የሚባል አትክልተኛ ግብጦ ማሳደግ ጀመረ። ያልወደደውን እየነቀለ፣ የወደደውን እያስቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ለፋ። ንቦቹ የተለያዩትን ዝርያዎች እያዳቀሉለት ነበር። በ1937፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሥራውን ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ቀለም ነበር። የራስል ግብጦ በዓለም ዙሪያ ተዘራ። ዛሬ በብዙ አገሮች መንገድ ዳርና ወንዝ ዳር የምናየው አምላጭ ከዚህ የአንድ ሰው የአትክልት ቦታ የሚመዘዝ ነው።

የሚያስከትለው ምንድን ነው? የራስል ግብጦ ንጹሕ ፖሊፊለስ አይደለም። የካሊፎርኒያው ቁጥቋጦ ግብጦ፣ ሉፒነስ አርቦሪየስ፣ ደም አለበት። በብሪታንያ የዕፅዋት መዝጋቢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚያ በዱር ፖሊፊለስ ተብሎ የተመዘገበው ብዙው ሉፒነስ ሬጋሊስ የተባለው የሁለቱ ዲቃላ ነው። ብሪታንያ ውስጥ አገር በቀል ግብጦ የሚባል የለም፤ ሁሉም መጤ ነው። ቢሆንም የትኛው መጤ የት እንዳለ ለመናገር ድሮ የተሞላውን መዝገብ እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። አንዴ የገባ የተሳሳተ ስም ከመዝገብ መዝገብ እየተገለበጠ ዕድሜው ይረዝማል።

አሁን ወደ እርሻው እንሂድ። ከአበባ አትክልት የሚያመልጠውና ከእርሻ የሚያመልጠው አይመሳሰሉም። ከእርሻ የሚያመልጠውን የሚያጋልጠው ገበሬው ለራሱ ጥቅም የለወጠው ጠባይ ነው።

የዱር ግብጦ አራት ነገር ይዞ ነው የሚኖረው። ዘሩ በአልካሎይድ መራራ ነው፤ እንስሳ እንዳይበላው። ቅርፊቱ ደረቅ ነው፤ ውኃ ቶሎ አይገባውም፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ዘሩን የያዘው ቆባ (ሽፋኑ) ሲደርቅ በራሱ ይፈነዳል። ቀለሙም ጥቁርና ዥጉርጉር ነው፤ መሬት ላይ አይለይም። ሰው ሲያላምደው አራቱንም ገለበጠ። ጣፋጭ፣ ቅርፊቱ ውኃ ቶሎ የሚያስገባ፣ የማይፈነዳ፣ ነጭ ዘር ያለው አደረገው። ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ በ1920ዎቹ መጨረሻ እጅግ ብዙ ተክሎችን አንድ በአንድ እየመረመረ መራራነት የሌላቸውን ጥቂቶች አገኘ። ከዚያ በምዕራብ አውስትራሊያ ጆን ግላድስቶንስ ቀጭን ቅጠል ያለውን ግብጦ፣ ሉፒነስ አንጉስቲፎሊየስን፣ ሙሉ በሙሉ ሰብል አደረገው። ዩኒዋይት የተባለው ዝርያው በ1967 ወጣ።

በግላድስቶንስ ሥራ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አበባውንም ዘሩንም ነጭ የሚያደርግ አንድ ጂን መርጦ ሰብሉ ውስጥ አስገባ። ነጭነቱ ለውበት አልነበረም። የዱሩ አበባ ሰማያዊ ነው። ነጭ ማሳ መሐል አንድ ሰማያዊ አበባ ብቅ ካለ መራራው እንደተቀላቀለ ገበሬው ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ዱርና ሰብልን የሚለይ ምልክት ተክሉ ላይ ራሱ ተጻፈ ማለት ነው። ከአውስትራሊያ የእርሻ ድንበር ውጭ ነጭ አበባ ያለው አንጉስቲፎሊየስ ያገኘ መዝጋቢ ዛሬም ይህንኑ ምልክት ያነባል፤ ከማሳ የወጣ ነው ይላል።

በነጩ ግብጦ፣ በሉፒነስ አልበስ፣ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዱር ዘመዱ በባልካንና በኤጂያን ባሕር ዙሪያ ይበቅላል። አበባው ሰማያዊ፣ ዘሩ ትንሽና ጠቆር ያለ፣ ቆባው የሚፈነዳ ነው። ሰብሉ ነጭ አበባና ትልልቅ ነጣ ያለ ዘር አለው። እዚያ አገር ሄዶ ከድንጋይ መሐል ሰማያዊውን ያገኘ ሰው የሰብሉን አያት አገኘ ማለት ነው። ለምርምር ወርቅ ነው፤ በሽታን የሚቋቋም ጂን ቢፈለግ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ከማሳ ያመለጠውን የዱር ነው ብሎ ወደ ዘር ባንክ ማስገባት ደግሞ ያንኑ ሰብል በሌላ ስም መልሶ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ያመለጠ ሰብል እንዳመለጠ አይቀርም። ከዱር ዘመዱ ጋር ሊዳቀል ይችላል። ቆባው የማይፈነዳው እየቀረ፣ የሚፈነዳው እየበዛ ይሄዳል። ጥቂት ትውልድ ካለፈ መልኩ ወደ ዱር ይጠጋል። ያኔ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ዘረመል ማየት ያስፈልጋል። የክሮሞሶም ቁጥር በአንዳንዶቹ ላይ ይረዳል። አልበስ 50፣ አንጉስቲፎሊየስ 40፣ ቢጫው ሉፒነስ ሉቴየስ 52 ነው። በፔሬኒስና በፖሊፊለስ ላይ ግን አያዋጣም፤ ሁለቱም 48 ይቆጠርባቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ "እዚህ እንዴት ደረሰ?" የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ተክሉ በእግሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ይጠይቃል።

ሞቃት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የደረሰ ግብጦ አጠገብ ብትቆሙ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ቆባው በድርቀት ተጠምዝዞ እየተሰነጠቀ ነው። ሁለቱ ልጣጮች እንደ ጥምዝ ሽቦ ሲጠቀለሉ ዘሩን ይወረውሩታል። ሩቅ ግን አይሄድም። ጥቂት ሜትር ነው። ዘሩ ከባድ ነው፤ ክንፍ የለው፣ ንፋስ አይወስደው። እንዲህ ያለ ተክል በራሱ ጉልበት በዓመት የሚራመደው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ በ40 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ድልድይ አጠገብ፣ ብቻውን የቆመ የግብጦ ቁጥቋጦ ብታዩ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ሰው አምጥቶታል፣ ወይ ከመንገድ ሥራ አፈር ጋር መጥቷል፣ ወይ ወንዝ አውርዶታል።

ወንዝ ኃይለኛ አጓጓዥ ነው። በስኮትላንድ ከአላስካ አካባቢ የመጣው የኑትካ ግብጦ እንደ ዲ፣ ስፔይና ቴይ ባሉ ወንዞች ጠጠር ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጧል። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት የራስል ግብጦ መጀመሪያ መንገድ ዳር ተዘራ። ከዚያ ወንዞቹን ይዞ ወረደ። የማኬንዚ ሜዳ ወንዞች ጠጠራቸው ባዶና ገላጣ ነው። ካኪ የምትባለው ጥቁር ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ገላጣ ጠጠር ላይ ነው፤ ጠላቷን ከሩቅ ማየት አለባት። ግብጦው ሲሸፍነው ድመቷና ሌሎቹ አዳኞች ተደብቀው ይጠጋሉ። ቱሪስቱ ለፎቶ የሚንበረከክበት አበባ ለወፏ የጎጆዋ መጥፊያ ነው። ይህን ሳስብ አበባውን እንደ በፊቱ ማየት አልችልም።

አፈሩም ይናገራል። ፔሬኒስ ደረቅ አሸዋ፣ በየጊዜው እሳት የሚነካው ሳሳ ያለ የጥድና የኦክ ደን ይወዳል። ዛፍ ካጠላበት ይጠፋል። ፖሊፊለስ እርጥብ ቦይ፣ የታጨደ መንገድ ዳር፣ የተተወ ማሳ አይጠላም። ቦይ ውስጥ የቆመ፣ ወገብ የሚደርስ "የዱር ግብጦ" ከመመዝገቡ በፊት ቅጠሉ እንደገና መቆጠር አለበት።

ጊዜም ምስክር ነው። በኸርባርየም፣ ማለትም ደርቀው ወረቀት ላይ የተለጠፉ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት፣ የ1800ዎቹ ናሙናዎች አሉ። ከ1937 በፊት የተሰበሰበ ናሙና የራስል ግብጦ ሊሆን አይችልም። አንድ ቦታ ላይ የድሮ ናሙና ካለ፣ አፈሩም ከተስማማ፣ ዛሬ እዚያ ያለው ተክል ደግሞ በቅጠሉ ፔሬኒስ ከሆነ፣ ያ ነጥብ እግር አለው።

የድሮ ነገር ሁሉ ግን በራሱ እውነት አይሆንም። በ1967 ከካናዳ ዩኮን የተገኙ የአርክቲክ ግብጦ ዘሮች ዕድሜያቸው 10,000 ዓመት ነው፣ በቅለዋልም ተብሎ ትልቅ ዜና ሆነ። ዘሮቹ በረዶ ያቆየው የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ዕድሜያቸው የተገመተው ከቦታው እንጂ ከዘሮቹ አልነበረም። ከ40 ዓመት በላይ ሲጠቀስ ኖሮ በ2009 ዘሮቹ ራሳቸው በካርቦን ተለኩ። የቅርብ ጊዜ ዘሮች ሆነው ተገኙ። ከቦታው ተነስቶ ስለ ተክሉ መደምደም እንዲህ ያደርጋል። ለካርታ ሠሪ ይህ ታሪክ ቅርቡ ነው።

ወደ ካርታው ከመጣን ደግሞ የድንበር ችግር አለ። ካርታዎች ብዙ ጊዜ "አገር በቀል" የሚለውን ቀለም በአገር ወይም በግዛት ይቀባሉ። ተክል ግን የግዛት ድንበር አያውቅም። ካሊፎርኒያን ውሰዱ። ቢጫው ቁጥቋጦ ግብጦ፣ አርቦሪየስ፣ በግዛቲቱ መካከለኛና ደቡባዊ ባሕር ዳርቻ አገር በቀል ነው። በ1908 ዘሩ ከሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ሀምቦልት የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ አሸዋ እንዲይዝ ተዘራ። አሸዋውን ያዘ። ግን ድሃ አፈር የለመዱት የባሕር ዳር አሸዋ ክምር ዕፅዋት መሐል ናይትሮጅን ጨመረ፤ እነሱን የሚውጥ ሣር ተከተለ። ከቦታው ትንሽ ግብጦ ከሉፒነስ ሊቶራሊስ ጋርም ተዳቀለ። ያው ተክል፣ ያው ግዛት ነው። ደቡብ ላይ የቤቱ ልጅ ነው፣ ሰሜን ላይ ወራሪ። በግዛት የተቀባ ካርታ ይህን ጨርሶ አያሳይም።

ቴክሳስ ደግሞ ሌላ ፈተና ናት። በ1901 ብሉቦኔት የሚባለውን ግብጦ የግዛቷ አበባ አደረገች። መጀመሪያ የተመረጠው ሉፒነስ ሰብካርኖሰስ ነበር፤ በ1971 ቴክሰንሲስንና ሌሎቹንም ጨመረች። ቴክሰንሲስ አገሩ እዚያው ነው። የመንገዶች መሥሪያ ቤቱ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመንገድ ዳሮችን በዱር አበባ ዘር ሲዘራ ኖሯል። ስለዚህ እዚያ ያለው ጥያቄ "ዝርያው መጤ ነው ወይ?" አይደለም። "ይህ መስክ ራሱ በቀለ ወይስ ከማሽን ወረደ?" ነው። ለዚህ መልሱን ቅጠል አይሰጣችሁም። የመንገድ ሥራ መዝገብና የአካባቢው ሰው ትዝታ ነው የሚሰጣችሁ።

ከላይ ሆኖ ማየትስ? ይቻላል። ግብጦ በአበባው ወቅት ከሰማይ ይታያል። አይስላንድ የኑትካ ግብጦን በ1945 ከአላስካ አምጥታ ለተራቆተ አፈር ማገገሚያ አደረገችው። በ2010ዎቹ በተሠራ ካርታ ከአገሩ ስፋት 0.3 በመቶ ገደማ ሸፍኖ ተገኝቷል። በጀርመን የሮን ተራሮች የሣር ሜዳ ላይ ፖሊፊለስን በድሮን ፎቶ እየለዩ ካርታ ሠርተዋል። ይህ የሚሠራው ግን የምትፈልጉት አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን ነው። አይስላንድ ላይ አገር በቀል ግብጦ ስለሌለ ሰማያዊው ሁሉ መጤ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ግብጦዎች ባሉበት አገር ድሮኑ "ግብጦ አለ" ከማለት አያልፍም። ጣት የሚቆጥር ሰው መውረድ አለበት።

በስልክ ፎቶ የሚመጣው መረጃ አሁን ትልቁ ምንጭ ሆኗል። ይህን በደስታ ነው የምቀበለው። ድሮ ጥቂት ባለሙያ የሚደርስበትን ዛሬ ብዙ ሺህ ሰው ያየዋል። ከአይናቹራሊስት የሚወጣው መረጃ ጂቢአይኤፍ ወደተባለው ዓለም አቀፍ ማከማቻ ይሄዳል፤ ተመራማሪው ከዚያ ያወርደዋል። ሰንሰለቱ አጭር ነው። ስህተትም በዚያው ፍጥነት ይጓዛል።

የሚያሳስበኝ የስም ጥቆማው ነው። መተግበሪያው ፎቶውን አይቶ ስም ይሰጣል። የሚሰጠው ስም ድሮ ሰዎች ለተመሳሳይ ፎቶ በሰጡት ስም ላይ የተማረ ነው። አንድ አካባቢ ሰዎች ፖሊፊለሱን ፔሬኒስ እያሉ ከመዘገቡ ማሽኑም ፔሬኒስ ይላል። አዲስ መጪው ያንን ተቀብሎ ይጫናል። ሁለተኛው ሰው ያረጋግጥለታል። ሲሉ ሰምታ እንደተባለችው ዶሮ ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ ቅጠሉን የቆጠረ የለም። ከሺህ እንዲህ ያሉ ነጥቦች የተሠራ የስርጭት ሞዴል፣ ማለትም ተክሉ የት የት እንደሚኖር የሚገምት ካርታ፣ ቀለሙ ያምራል፤ የሚያሳየው ግን ሰው መኪና የሚያቆምበትን መንገድ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ ሰው ግብጦ አጠገብ ሲቆም አንድ ፎቶ ከማንሳት አራት ያንሳ። የአበባው ዘለላ ከጎን፣ የግርጌው ቅጠል ከላይ ከማስመሪያ ወይም ከሳንቲም ጋር፣ ቆባው ካለ ቆባው፣ መጨረሻ ላይ ዞር ብሎ አካባቢው። ከመንገድ ስንት እርምጃ ነው? አሸዋ ነው ወይስ ቦይ? ቤት ወይም የፈረሰ የቤት መሠረት አለ? የተተወ ቤት ግቢ የአምላጭ ምንጭ መሆኑን መዝጋቢዎች ከልምድ ያውቁታል። ስንት ተክል አለ? ትናንሽ ችግኞች አብረው አሉ? ይህ የመጨረሻው ሦስተኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ችግኝ ያለበት ቦታ ተክሉ ራሱን እየተካ ነው፤ ሽማግሌዎች ብቻ የቆሙበት ቦታ ግን አላፊ ሊሆን ይችላል። የጂፒኤስ ስህተቱ ስንት ሜትር እንደሆነም ይጻፍ። ለመጥፋት የቀረቡ ዝርያዎች መገኛ ሆን ተብሎ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲደበዝዝ እንደሚደረግ ካርታ ሠሪው ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ የደበዘዘውን ነጥብ ሐይቅ መሐል ተክሎ ይገረማል።

እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ "ግብጦ፣ ዝርያው ያልተለየ" ብሎ ቢተወው ምንም አይደለም። ባዶ የቀረ ስም በኋላ ይሞላል። በስህተት የተሞላን ስም ለመንቀል ግን መጀመሪያ መሳሳቱን የሚጠረጥር ሰው መገኘት አለበት።

የዘር ከረጢቱም ሳይነሳ አይታለፍም። "የዱር ግብጦ" ተብሎ የሚሸጥ ዘር ውስጥ ፖሊፊለስ ወይም ዲቃላው የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቢራቢሮዋን ልረዳ ብሎ የገዛ ሰው ሳያውቅ የማትኖርበትን ተክል ይዘራላታል። ይባስ ብሎ አጠገብ ያለውን እውነተኛ ፔሬኒስ ሊያዳቅልባት ይችላል። ፊንላንድና ኖርዌይ ፖሊፊለስን መሸጥም መትከልም ከልክለዋል። ሌላ ቦታ ያለ ገዢ ግን ሻጩን የዝርያውን ሙሉ ስምና ዘሩ የተሰበሰበበትን አካባቢ መጠየቅ አለበት። "የዱር" የሚል ጽሑፍ መልስ አይደለም።

በኒውሃምፕሻየር ኮንኮርድ ከተማ አጠገብ ካርነር ብሉ ጠፍታ ነበር። ከ2001 ጀምሮ ከኒውዮርክ የመጡ ቢራቢሮዎችን እያራቡ መለሷት። የትምህርት ቤት ልጆች ፔሬኒስን ክፍላቸው ውስጥ አብቅለው ወስደው አሸዋው ላይ ይተክላሉ። እነዚያ ችግኞች በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው። አገር በቀልም ናቸው። አባጨጓሬዋ ትበላቸዋለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆባቸው ሲፈነዳ አጠገባቸው የሚበቅለውን ማንም አልተከለውም። መተግበሪያው ላይ ያለው አንድ ሳጥን፣ "የተተከለ" ወይም "የዱር" የሚለው፣ እናቲቱንና ልጂቱን ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል። የኮንኮርድን አሸዋ በትክክል ለማሳየት የሚፈልግ ካርታ ለዝርያው አንድ ዓምድ፣ ለአመጣጡ ሌላ ዓምድ፣ ራሱን መተካቱን ለማሳየት ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል። ልጆቹ የተከሉበት ዓመትም ከጎኑ ይጻፍ።